የምታለቅስ አሻንጉሊትና የሕፃን ርኅራኄ

አንድ ቀን በአዲስ አበባ ከተማ ለጥየቃ ወደ አንድ ቤት ገብተን ሳለ፥ ሁለት ዓመት ተኩል የሚሆናት ሕፃን አሻንጉሊት አዝላ በቤቱ ውስጥ ስትመላለስ አየናት። አሻንጉሊቲቱን ያመጣችላት ከአሜሪካ የመጣችው አክስቷ ናት። መልኳ ቍርጥ ሕፃን ነው፤ ገላዋ ለስላሳ፥ ዐይኗም የሚከደንና የሚገለጥ ነው። ሲያስተኟት ታለቅሳለች፤ ጡጦ በአፏ ሲያደርጉላት የመጥባት ድምፅ ታሰማለች፤ ጀርባዋን መታ መታ ሲያደርጓት ታገሣለች፤ እሹሩሩ ሲሏት ትተኛለች። ይህ ሁሉ የሚሠራው በሆዷ ውስጥ ባለ ባትሪና ሽቦ ነው። ቤተ ሰቡ ሁሉ በሕፃኒቱ እናትነት ይስቅ ነበር፤ እኛም አብረን ሳቅን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የልጅቱ እናት መጥታ የሚከተለውን ነገረችን። አንድ ሌሊት አሻንጉሊቲቱ ከአልጋ ወድቃ ታለቅስ ጀመር። አባትየው ደክሞት ተኝቶ ነበርና ተነሥቶ ልብሷን ገለጠ፤ በጀርባዋ ያለውን ማጥፊያ ጫን ቢለው ልቅሶው ቀጥ አለ። ሕፃኒቱ ነቅታ ታይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማጥፊያውን ራሷ ዐወቀችው፤ ጨዋታው ሲሰለቻትም ልቅሶዋን ታጠፋው ጀመር። በዚህ ማንም ክፉ ነገር አላየም። ሁለት ወር ቈይቶ ወንድሟ ተወለደ። አንድ ቀን ማታ ሕፃኑ አምርሮ ሲያለቅስ እኅቱ ወደ ተኛበት ቀረበች፤ በቀስታም ልብሱን ከጀርባው ላይ ገልጣ በትንንሽ ጣቶቿ እየዳሰሰች አንድ ነገር ትፈልግ ጀመር። እናቲቱ የምትፈልገው ምን እንደ ሆነ ባስተዋለች ጊዜ አስቀድማ ሳቀች፤ ኋላ ግን ሳቋ ወደ ዕንባ ተለወጠ። «አባታችን፥ ለልጄ ምን አስተማርኋት?» ስትል ጠየቀችን። እኛም፥ «ልጅ ናት፤ ጨዋታ ነው፤ ስታድግ ትረሳዋለች» ብለን መለስንላት። እርስዋም እጅ ነሥታ ሄደች።

ይህን የችኰላ መልስ ከሰጠን ወዲህ ነገሩ ከኅሊናችን አልወጣም። ነፍስ ለሌለው ነገር የሚሰጥ ርኅራኄ እንደ ምን ያለ ርኅራኄ ነው? ልብን ያለሰልሳልን ወይስ ያደነዝዛል?

አስቀድሞ በሕፃኒቱ ላይ ነቀፋ እንዳይኖር እንሻለን። በሀገራችን ሴቶች ልጆች ከጭቃ ጠፍጥፈው፥ ከጨርቅ ቋጥረው፥ የበቆሎ ቆረቆንዳ በእራፊ ጠቅልለው፥ ልጅ ነው እያሉ ሲያዝሉ ኖረዋል። ጭቃው ጭቃ በመሆኑ የልጅቱ ርኅራኄ ሐሰት አልሆነም፤ ርኅራኄ የሚመዘነው በሚሰጠው ሰው ልብ ነውና። የፈርዖን ልጅ በወንዝ ዳር ሣጥኑን አስከፍታ ሕፃኑ ሙሴ ሲያለቅስ ባየችው ጊዜ ራራችለት። የዕብራውያን ልጅ መሆኑንም ዐውቃ፥ የአባቷ ትእዛዝ እንዲህ ያለውን ሕፃን የሚያስገድል ሲሆን፥ አሳደገችው። የሕፃን ልቅሶ ይህን ያህል ኀይል አለው፤ ከንጉሥ ዐዋጅ ቀድሞ ወደ ልብ ይገባል። አሻንጉሊት ሠሪዎችም ይህን ዐውቀው ነው ልቅሶን ለገበያ ያዋሉት።

ድምፅ ያላት አሻንጉሊት የዛሬ ብቻ አይደለችም። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 ቶማስ ኤዲሰን ትንሽ የድምፅ መኪና በሆዷ የገባላት አሻንጉሊት አውጥቶ ሸጦ ነበር፤ እጀታው ሲዞር የልጆች ግጥም ታሰማ ነበር። ነገር ግን መኪናዋ ቶሎ የሚሰበር፥ ድምፅዋም የማያምር ስለ ነበረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከገበያ ወጣች። በ2000 ደግሞ አይሮቦት የተባለው ኩባንያ ከአሻንጉሊት ሠሪው ከሀስብሮ ጋራ ሆኖ «ማይ ሪል ቤቢ» የተባለችውን አወጣ፤ ትርጓሜው «እውነተኛው ሕፃኔ» ማለት ነው። ይህች ፊቷ የሚፈግግና የሚኮማተር፥ ሲነኳት የምታውቅ የምትመስል ነበረች።

ስለዚህች አሻንጉሊት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህርት የሆኑት ሼሪ ተርክል በ2011 ባወጡት መጽሐፍ የጻፉት ነገር ያሳስባል። አስቀድሞ ለሙከራ የተሠራችው ናሙና በተጐሳቈለች ጊዜ እያለቀሰች መከፋቷን ታሳይ ነበር። ለገበያ የቀረበችው ግን እውነተኛ ሕፃን ሕመም በሚሰማው ጊዜ እርስዋ ዝም እንድትል ተደርጋ ተሠራች፤ ልቅሶዋ ልጆችን ለጭካኔ ጨዋታ እንዳያነሣሣ ተፈርቶ ነው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጥቂት እናስተውለው። ብታለቅስ፥ ልጁ ለማስለቀስ ሲል ይመታታል። ዝም ብትል ደግሞ፥ ዱላ ማንንም እንደማያሳምም ይማራል። ሠሪዎቹ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው፤ እኛም በቦታቸው ብንሆን ሦስተኛ መንገድ እናገኝ ነበር ብለን አንመካም። ሕመም የማያውቀውን ነገር ሕመምተኛ ለማስመሰል የተነሣ ሰው ከዚህ መስቀለኛ መንገድ መድረሱ አይቀርም።

የጨርቅ አሻንጉሊት እንዲህ ያለ ችግር የለባትም፤ አታለቅስምና። «አለቀሰች» የምትለው ሕፃኒቱ ናት፤ ልቅሶውንም በገዛ አፏ ታለቅስላታለች። ለምን አለቀሰች ብለን ብንጠይቃት፥ «ራባት»፥ «በረዳት»፥ «እናቷ ጥላት ሄደች» ትለናለች። ይህን ሁሉ የምታወጣው ራሷ ካለቀሰችበት ቀን ነው። የራስን ሕመም አስታውሶ ለሌላው ማሰብ በዚህ ዕድሜ ይጀመራል፤ ታላላቆችም ከዚህ የሚበልጥ የርኅራኄ ትምህርት ያላቸው አይመስለንም። በባትሪ የምታለቅሰው ግን ልቅሶውን ከራሷ ስለምታወጣው፥ ለሕፃኒቱ የሚቀርላት መልስ መስጠት ብቻ ነው።

ከዚህም የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ እኛም ቈይተን ያስተዋልነው ይህን ነው። አሻንጉሊቲቱ ጡጦ ሲሰጧት ዝም ትላለች፤ ሲያባብሏትም ትተኛለች። ያደረጉላት ሁሉ ወዲያው ፍሬ ያፈራል። እውነተኛው ሕፃን ግን እንዲህ አይደለም። ጡት ጠብቶ፥ ደርቆና ሞቆት ሳለ፥ ሆዱን ቍርጠት ይዞት ሌሊቱን ሁሉ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። ወላድ ሁሉ ይህን ሌሊት ታውቀዋለች። የምታደርገው ሁሉ ተደርጎ አልቋል፤ ልቅሶው ግን አላለቀም። ያን ጊዜ ሕፃኑን በደረቷ አስጠግታ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ትመላለሳለች፤ ይህም ልቅሶውን ስለሚያስቆም አይደለም፤ ብቻውን እንዳያለቅስ ነው እንጂ። እንግዲህ እናትነት የሚታወቀው ምንም በማይጠቅምበት በዚህ ሰዓት ከሆነ፥ አሻንጉሊቲቱ ይህን ሰዓት ለሕፃኒቱ ልታሳያት አትችልም። ገዢው ይህን ፈልጎ ገንዘቡን አይከፍልምና።

ማጥፊያውንም የፈለገችው ከክፋት አልነበረም። ወንድሟን ልትረዳው ነበር፤ ልቅሶ የሚቆምበትን መንገድ አንድ ብቻ ታውቃለችና በእርሱ መጣች። ያስተማራትም አባቷ ነው፤ አባቷንም ያስተማረው ድካም ነው። የሚያለቅስ ልጅ ዝም እንዲል ስልክ በእጁ የምናስይዝ ስንት ነን? በጓዳ የሚያቃስት ሽማግሌ አባት ድምፁ እንግዳ ፊት እንዳይሰማ በር የሚዘጋበት ቤት አላየንምን? በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለሚለምነው ድኻ ሳንቲም ወርውረን በፍጥነት ስናልፍ፥ የሰጠነው ለረኀቡ ይሁን ወይስ ለድምፁ፥ መርምረን አናውቅም።

በሌሎች ላይ ይህን ስንጽፍ ብዕራችን በራሳችን ላይ ተመለሰ። ያች እናት ዕንባዋን እያፈሰሰች በመጣች ጊዜ እኛ ያደረግነው ምን ነበር? «ጨዋታ ነው» አልናት፤ እርስዋም ዝም ብላ ሄደች። ያ ቃል ለጥያቄዋ መልስ አልነበረም፤ ልቅሶዋን የሚያቆም ማጥፊያ ነበር እንጂ። ቶሎም ሠራ።

ስለዚህ ተመልሰን ወደ ቤቷ ሄድን፤ ጥያቄሽን ሳንሰማ መልሰንልሻል ብለንም ነገርናት። አሻንጉሊቲቱን ትጥላት እንደ ሆነ ጠየቀችን። እንዲህ አታድርጊ አልናት፤ ልጅቱ ልጄ የምትላት ናትና ሕፃን ከቤት ሲጣል ማየት አይገባትም። ሐሰት እንዳይነገራትም መከርን፤ አሻንጉሊቲቱ ነፍስ አላት አይባልም፥ በልጅቱ ፍቅርም አይሣቅም። አባትየው ማጥፊያውን ሲነካ «ይህ መኪና ነው» ይበላት፤ ወንድሟ በሚያለቅስበት ጊዜ ግን እጇን ይዞ በደረቱ ላይ ያኑርላት፥ ልቡ ሲመታና ትንፋሹ ከፍ ዝቅ ሲል ትዳስሰው፤ የምትፈልገው ነገር በጀርባው እንደሌለ በዚያ ታውቀዋለች። ከዚህ የሚበልጥ ምክር አልነበረንም።

ይህን ስንነጋገር ሕፃኑ በቍርጠት ያለቅስ ጀመር። እናቲቱ አነሣችው፤ ጡት ሰጠችው፥ እንቢ አለ። በትከሻዋ ላይ አድርጋ በክፍሉ ውስጥ ትመላለስ ጀመር። እኛም እስኪተኛ ድረስ ላለመሄድ ቈርጠን ተቀመጥን፤ እጅግም ቈየን። ልጅቱ አሻንጉሊቷን አዝላ ከእናቷ ኋላ ትከተላት ነበር፤ እናቲቱ ስትዞር ትዞራለች፤ ስትቆምም ትቆማለች። የአሻንጉሊቲቱ ባትሪ ካለቀ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ሌላ የገዛላትም የለም። ልጅቱን ጠርተን፥ «ልጅሽ ተኛችልሽ?» አልናት። «አልተኛችም፤ ሆዷን አሟታል» አለችንና፥ በቀጭን ድምፅዋ ራሷ እያለቀሰችላት፥ ራሷም እሹሩሩ እያለቻት፥ እናቷን ተከትላ ሄደች።