ሳይጠሉ መግደል ይቻላልን?



በታይላንድ አገር፣ በባሕር ጠረፍ ላይ፣ ፓታያ የምትባል የመዝናኛ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ ሮያል ጆምቲየን የተባለ 17 ፎቅ ያለው ሆቴል ነበረ። ሐምሌ 4 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1997) ረፋዱ ላይ፣ በታችኛው ወለል ካለው ምግብ ቤት ጋዝ አፈትልኮ እሳት ተነሣ። ጢሱ ወደ ላይኞቹ ፎቆች ወጣ። ሰዎቹ ወደ አደጋ ጊዜ መውጫዎቹ ሮጡ፤ በሮቹ ግን ተቆልፈው ነበር። 90 ያህል ሰዎች ሞቱ።

በሮቹ የተቆለፉት እንግዶች ሒሳባቸውን ሳይከፍሉ ሾልከው እንዳይሄዱ ነበር። በዚህ ነገር ውስጥ ጥላቻ የለም፤ ቂምም የለም። እንዲህ ባለ ቤት ባለቤቱ ገንዘቤ አይጥፋ ይላል፤ ኀላፊው የባለቤቱን ቃል ያስተላልፋል፤ ዘበኛውም ታዝዞ ቁልፉን ያዞራል። እያንዳንዱ ያደረገው ነገር ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው። ታዲያ ገዳዩ ማን ነው? እሳቱ ነው እንዳንል እሳት ኅሊና የለውም። ዘበኛው ነው እንዳንል እንጀራው በባለቤቱ እጅ ነው። ባለቤቱ ነው ስንል ደግሞ፣ «እኔ ማንን ጠላሁ?» ብሎ ይጠይቀናል።

ይህ ጥያቄ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በማርች 1911 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ትራያንግል በተባለ የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ 146 ሠራተኞች አለቁ። አብዛኞቹ ከአውሮፓ የተሰደዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹ በእኛ ዕድሜ ወይም ከእኛ ያነሱ። በዘጠነኛው ፎቅ አንደኛው የደረጃ በር ተቆልፎ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሁሉ በሌላው በር ብቻ እያለፉ ቦርሳቸው እንዲፈተሽ ተብሎ ነው። ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ በጣሪያ በኩል አምልጠው ተረፉ፤ ኋላም ተከሰሱ። ሃሪስ በችሎት ሲጠየቅ፣ በሌብነት የጠፋው ዕቃ ዋጋ ከ25 ዶላር እንደማይበልጥ ተናገረ። በአንድ ወገን 146 ነፍስ፣ በሌላ ወገን 25 ዶላር! ይሁን እንጂ ሁለቱም በነጻ ተለቀቁ። ፍርድ ሰጪዎቹ የቀረበላቸው ጥያቄ «ተከሳሾቹ በዚያች ሰዓት በሩ መቆለፉን ያውቁ ነበርን?» የሚል ስለ ነበረ፣ ይህንንም ያለ ጥርጥር ለማረጋገጥ አልተቻለም ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብላንክ እንደገና በሥራ ሰዓት በር ቆልፎ ተገኘና 20 ዶላር ተቀጣ። ከጠፋው ሸሚዝ ዋጋ እንኳ ያነሰ ቅጣት ነው።

በእኛ አስተያየት ያ ጥያቄ ራሱ የተቃና አልነበረም። «ያውቅ ነበርን?» ብቻ ከተባለ፣ ለማወቅ ያልፈለገ ሰው ሁሉ ነጻ ይወጣል። ባለቤቱ ፎቁ ላይ ሳይወጣ፣ በሩን ሳይሞክር፣ ዘበኛውን ሳይጠይቅ ቢኖር ይሻለዋል ማለት ነው።

እኛ በዓይደር የምንኖር ደግሞ ይህን ነገር ከሩቅ አገር ብቻ የምንማረው አይደለም። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች በዓይደር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ላይ የክላስተር ቦምብ ጣሉ። በዘ ሄግ የተቀመጠው የኤርትራና የኢትዮጵያ የካሣ ጥያቄ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 በሰጠው ውሳኔ፣ 53 ሲቪሎች እንደ ሞቱና 185 እንደ ቆሰሉ፣ ከሞቱትም 12ቱ ተማሪዎች እንደ ሆኑ ተጽፏል። ኮሚሽኑ ሰፈሩ ሆን ተብሎ ተመታ ለማለት ማስረጃው አላሳመነኝም አለ። ይህ ቃል በሰፈራችን ሰው ጆሮ መራራ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ስናነበው አልተዋጠልንም። ነገር ግን ኮሚሽኑ በዚያ አላበቃም። ሊደረግ የሚቻለው ጥንቃቄ ሁሉ አልተደረገምና ኤርትራ ተጠያቂ ናት ብሎ ፈረደ። እንግዲህ የኒው ዮርኩ ችሎት «አውቀሃልን?» ሲል ጠየቀ፤ የዘ ሄጉ «የምትችለውን ጥንቃቄ አድርገሃልን?» አለ። ሐሳቡ ሳይረጋገጥ ተጠያቂነቱ ጸና። ኀዘንተኛን አያጽናና ይሆናል፤ የሆቴሉን ባለቤት «ማንን ጠላሁ?» የሚል መከራከሪያ ግን ከሥሩ ይነቅለዋል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን እናውቃለን። በሬው ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ነው፤ በሬው አስቀድሞ ተዋጊ እንደ ነበረ ተነግሮት ሳያስረው ከቀረ ግን ባለቤቱ በነፍሱ ይጠየቃል። በሬውን ሂድና ውጋ ብሎ የላከው የለም። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ለጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል፤ ከዚያ ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ሕጉ ሰው እስኪወድቅ ድረስ አልጠበቀም፤ ግንበኛው ገና በሥራ ላይ ሳለ ደርሶ ያነጋግረዋል።

የተቆለፈ በር ተዋጊ መሆኑ ደግሞ ለዓለም ከተነገረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1883 በእንግሊዝ አገር ሰንደርላንድ በምትባል የወደብ ከተማ፣ በአንድ አዳራሽ ትርኢት ሊያዩ የመጡ 183 ሕፃናት፣ አንድ አንድ ልጅ ብቻ እንዲያሳልፍ ተደርጎ በተሸጎረ በር ላይ ተረጋግጠው ሞቱ። ከዚያ አደጋ በኋላ ሮበርት ብሪግስ የሚባል ሰው ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ግን ሰው በደረቱ ቢገፋው የሚከፈት የብረት መወርወሪያ ፈለሰፈ፤ በ1892 የፈጠራ መብቱን አገኘ። ሌባውም እንዳይገባ፣ ሰውም እንዳይታፈን የሚያደርግ ቀላል ነገር ነው፤ ደወል ቢጨመርበት ሳይከፍል የሚወጣው እንግዳም ይታወቃል። ፓታያ ስትቃጠል ይህ ብረት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ በኬንያ በ1998 ቦምቦሉሉ በተባለ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ማደሪያው ተቃጥሎ 26 ተማሪዎች ሞቱ፤ በሩ ተቆልፎ፣ መስኮቱ በብረት ታጥሮ ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ወይም ሲሞላ፣ በማርች 2001፣ በኪያንጉሊ 67 ወንዶች ተማሪዎች በማደሪያቸው ነደዱ። እሳቱን ያነሡት ተማሪዎች ናቸው ተብሏል፤ እርሱ የራሱ ክፋት አለው። ነገር ግን ከሁለቱ በሮች አንዱ ተቆልፎ፣ መስኮቶቹም በብረት ታጥረው ነበር። የመጀመሪያው በሬ መዋጋቱ ከተነገረ በኋላ ማለት ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሌባ እኮ አለ!» ይሉናል። አለ፤ አንከራከርም። የተከራዩ ተማሪዎች የሚኖሩበትን ግቢ ሁሉ ተመልከቱ፤ ማታ የውጭው በር በቁልፍ ይዘጋል፤ ቁልፉ ከአከራዩ ትራስ ሥር ይቀመጣል፤ የእያንዳንዱ ክፍል መስኮት የብረት ፍርግርግ አለው፤ ብዙው ሰውም ምግቡን የሚያበስለው በዚያችው ክፍል በቡታጋዝ ወይም በከሰል ነው። አከራዩ ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ስለ ደኅንነታችን ብሎ ነው የሚቆልፈው። ይሁን እንጂ ቁልፉን ሁሉም በሚያውቀው ቦታ በውስጥ በኩል በሚስማር ላይ ቢሰቅለው፣ ወይም በቁልፍ ፋንታ ከውስጥ የሚከፈት መሸጎሪያ ቢያደርግለት ምን ይጎድልበታል? ከወር ኪራያችን ላይ የአንድ መሸጎሪያ ዋጋ ብንጨምር የምንደኸይ አይመስለንም።

ከአከራዩና ከሆቴሉ ባለቤት ጋር በአንድ ሚዛን ልናስቀምጣት የማንችለው ግን ለቀን ሥራ የምትወጣው እናት ናት። ሁለት ሕፃናት አሏት፤ የሚጠብቅላት የለም፤ መንገዱ መኪና ነው። ስለዚህ በሩን ከውጭ ቆልፋባቸው ትሄዳለች። እርሷም በሩ መቆለፉን ታውቃለች፤ አደጋውንም ከእኛ አብልጣ ታውቃለች፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስትሸከም የምታስበው እርሱን ይሆናል። «የምትችለውን ጥንቃቄ አድርገሃልን?» የሚለውን ጥያቄ ለእርሷ ብናቀርብ፣ መልሱ ከእርሷ ይልቅ ከደጇ አጠገብ የምንኖረውን ይመለከታል። አንዳንዷ ቁልፉን ይዛው አትሄድም፤ በጉሊት ለምትቀመጠው ጎረቤቷ ሰጥታ ትሄዳለች። ያቺ ጎረቤት ሽንኩርቷን እየሸጠች፣ በየሰዓቱ ተነሥታ ወደዚያ ቤት ታያለች።