የልጆች መርዶ

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለአዋቂው መርዶ አለው፤ ለልጅ ግን የለውም። አዋቂውን ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ አስቀድሞ፣ ጎህ ሳይቀድ በሩን አንኳኩቶ ያረዳዋል። ልጁን ግን ጎረቤት ቤት ወስደው ከረሜላ ያስይዙታል። እኔ ሰባት ዓመቴ ሳለ አያቴ አረፉ። «እማማ የት ሄዱ?» ብዬ ብጠይቅ «ጠበል ሄደዋል» ተባልኩ። አራት ወር ያህል ከጠበል ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅኋቸው። መሞታቸውን የነገረኝ በብይ ጨዋታ የተጣላኝ የሰፈር ልጅ ነው፤ የነገረኝም ሊያሳዝነኝ ሳይሆን ሊሰድበኝ ፈልጎ ነበር። ዛሬ ያንን ቀን ሳስታውስ የሚቆጨኝ የአያቴ ሞት አይደለም፤ ሞት ለማንም አይቀርም። የሚቆጨኝ ቤቱ ሙሉ ሰው የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ መክረሜ ነው።

ይህን የቆየ ነገር የቀሰቀሰብኝ እጅግ ሩቅ የሆነ ስፍራ ነው። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ፣ በኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ለጎብኚዎች የተዘጋጀ ሰፊ ግቢ አለ። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው፣ ትኬት ቆርጠው ይገባሉ። ልጆቹ የሮኬቶቹን ቁመት አንጋጠው ያያሉ። ጠፈር ደርሰው የተመለሱ ሰዎችን ያገኛሉ፣ ይጠይቃሉ። የመወንጨፍን ስሜት በሚያስመስል መሣሪያ ውስጥ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። በአንደኛው አዳራሽ ውስጥ 33 ጊዜ ወደ ጠፈር ተመላልሳ እ.ኤ.አ. በ2011 ጡረታ የወጣችው አትላንቲስ የተባለችው መንኮራኩር የጭነት በሮቿን እንደከፈተች፣ ወደ ጎን ዘንበል ብላ፣ አሁንም እንደምትበር ሆና ትታያለች። በዚያው አዳራሽ ልጆች እየተሳሳቁ የሚወርዱበት ሸርተቴ አለ።

በዚያው ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ጸጥ ያለ ሌላ ክፍል አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በመግቢያው ግራና ቀኝ የ14 ሰዎች መታሰቢያ ተደርድሯል፤ ፎቶግራፎቻቸው፣ በሕይወት ሳሉ ይወዷቸው የነበሩ ዕቃዎች። ከውስጥ ሁለት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንዱ የአሜሪካ ባንዲራ የተሳለበት፣ የተገነጠለ የቻሌንጀር መንኮራኩር ጎን ነው። ሌላው የኮሎምቢያ መንኮራኩር አብራሪዎች ያዩባቸው የነበሩት መስኮቶች ባዶ ክፈፍ ነው። የቻሌንጀር ስብርባሪ ለሠላሳ ዓመት ገደማ አገልግሎት ባቆሙ የሚሳይል ጉድጓዶች ውስጥ ተቀብሮ ነበር። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ የሟቾቹ ቤተሰቦች ፈቅደው፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ሕዝብ ፊት ቀረበ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ለደስታ የመጣ፣ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ከሸርተቴው ወርዶ ጥቂት እንደተራመደ ይህንን የተቀደደ ብረት ማየት ይገባዋልን?

የቻሌንጀር ነገር ከልጆች ተለይቶ ሊነገር የማይችል ታሪክ ነው። መንኮራኩሯ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ስትነሣ ከሰባቱ ተሳፋሪዎች አንዷ ክሪስታ ማኮሊፍ የተባለች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ከ11,000 በላይ መምህራን ተወዳድረው የተመረጠችው እሷ ናት። ከጠፈር ሆና ለመላው የአገሪቱ ተማሪዎች ትምህርት ልትሰጥ ተዘጋጅታ ነበር። ስለዚህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ቴሌቪዥን ወደ ክፍል ገብቶ፣ ልጆች ተሰብስበው ይመለከቱ ነበር። የራሷ ተማሪዎችም ለደስታ በዓል ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። በ73ኛው ሴኮንድ መንኮራኩሯ ተበታተነች። በዚያች ቅጽበት በየክፍሉ የነበረው አዋቂ ሁሉ ምን እንደሚል አጥቶ ቆመ።

ልጅ ከዚህ ይራቅ የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው ተራ አይደለም። ልጅነት አጭር ነው፤ የሚደርስበትን ሁሉ በጊዜው ይደርስበታል፣ እኛ ምን አስቸኮለን ይላሉ። ሕልም ሳይጸና በፍርሃት ቢነካ ይከስማል ይላሉ። ደግሞስ የማያውቀው ሰው ሞት ለልጅ ምን ይጠቅመዋል? እኔም ወላጅ ልጁን አቅፎ ከዚያ በር ፊት ሲመልሰው ባይ አልፈርድበትም። አያቶቻችንም «ጠበል ሄደዋል» ያሉት ከክፋት አልነበረም።

ሆኖም ለልጆች ሲባል የተሸፋፈነ እውነት ወዴት እንደሚያደርስ የጠፈር ታሪክ ራሱ ምሳሌ አለው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ላይካ የተባለች ውሻ ወደ ጠፈር ላከች። መመለሻ አልተዘጋጀላትም ነበር። ለብዙ ዓመታት በጠፈር ቀናት ቆይታ ያለ ሥቃይ እንደሞተች ሲነገር ኖረ። በየአገሩ ያሉ ሕፃናትም የላይካን ሥዕል በቴምብርና በመጽሐፍ እያዩ አደጉ። እውነቱ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ውሻዋ በተነሣች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በሙቀትና በድንጋጤ ሞታ ኖሯል። እነዚያ ሕፃናት በዚያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በሃምሳ ዓመቱ ከልጅነቱ ታሪኮች አንዱ ውሸት እንደነበረ የተረዳ ሰው ሌሎቹንስ እንዴት ብሎ ያምናል? ውሸት የሚቀጥፈው የተነገረበትን ነገር ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪውንም ጭምር ነው።

እንግዲህ ይነገራቸው እንበል። ግን ምን ይነገራቸው? እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ቻሌንጀር በወደቀችበት ዕለት ማታ ፕሬዚዳንት ሬገን ለሕዝባቸው ንግግር ሲያደርጉ ለተማሪዎች ለይተው መልእክት አስተላልፈው ነበር። እንዲህ ያለ መከራ አዲስ ነገርን የመፈለግ ጉዞ አካል መሆኑን በለሆሳስ አስረዷቸው። መልካም አባት የሚናገረው ቃል ነበር፤ በዚያች ማታም ከዚህ የተሻለ ቃል የነበረው ሰው አልነበረም። ይሁን እንጂ ከጥቂት ወራት በኋላ የታወቀው እውነት ሌላ ነበር። ሰባቱ ሰዎች የሞቱት ጠፈር አደገኛ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። በሮኬቱ መጋጠሚያ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት በብርድ እንደሚደርቅ የሚያውቁ መሐንዲሶች ነበሩ። በዋዜማው ምሽት «በዚህ ብርድ አትልቀቁ» ብለው ተከራክረዋል። አለቆቻቸው አልሰሟቸውም።

ኮሎምቢያም ስትነሣ ከትልቁ የነዳጅ ታንክ ላይ የተላቀቀ አረፋ ግራ ክንፏን መትቷት ነበር። መሐንዲሶች ጉዳቱ በፎቶግራፍ እንዲታይ ቢጠይቁም ጥያቄያቸው ሰሚ አላገኘም። መንኮራኩሯ ስትመለስ፣ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003፣ ልታርፍ ሩብ ሰዓት ያህል ሲቀራት ከነሰባት ሰዎቿ ተበታተነች። የአጣሪው ቦርድም ከአረፋው ባልተናነሰ የድርጅቱን የአሠራር ባህል ጥፋተኛ አድርጓል።

ስለዚህ ለልጅ «ጀግኖች ነበሩ፣ ሞቱ» ብቻ ብንለው ግማሹን እውነት ነው የነገርነው። ይህ ግማሽ እውነት ደግሞ ከ«ጠበል ሄደዋል» ብዙ አይርቅም። ሞትን ሲያሳይ ምክንያቱን ይደብቃል። ልጁም ጀግና መሞት አለበት፣ ማንም ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ያድጋል። ነገ መሐንዲስ ወይም አለቃ ሲሆን ግን የሚያስፈልገው ጀግንነት ሌላ ነው፤ በዋዜማው ምሽት «ይቅር» ማለት፣ ሲባልም መስማት።

«ይህ ለሕፃን ይከብዳል» የሚለኝ ይኖራል። ለዚህ የፊዚክሱ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ያደረጉት ነገር መልስ ይመስለኛል። አጣሪው ኮሚሽን በቴሌቪዥን ፊት በተሰበሰበበት ቀን እኚህ ሰው ከዚያ የጎማ ቀለበት ትንሽ ቁራጭ ወሰዱና በመቆንጠጫ ጨምቀው በረዶ ያለበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነከሩት። ቆይተው አወጡና መቆንጠጫውን ፈቱት። ጎማው እንደወትሮው ወደ ቅርጹ ፈጥኖ አልተመለሰም። ነገሩ ይኸው ነበር። በብዙ ሺህ ገጽ ሰነድ የተወሳሰበውን ጉዳይ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስረዳው። ይህንን የማይረዳ የስምንት ዓመት ልጅ አለ ብዬ አላምንም።

የሟቾቹ ቤተሰቦች የመረጡትም መንገድ ይህንን የሚያጠናክር ነው። አደጋው በደረሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ተሰባስበው የድንጋይ ሐውልት አይበቃንም አሉ። ልጆች የሚማሩበት ማዕከል አቋቋሙ፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1988 በሂዩስተን ተከፈተ፣ ከዚያም በየከተማው ተስፋፋ። በእነዚህ ማዕከሎች ተማሪዎች ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ በመንኮራኩር አምሳል በተሠራ ክፍል ይገባሉ፣ ግማሾቹ ከምድር መቆጣጠሪያው ይቀመጣሉ፤ ኋላ ቦታ ይለዋወጣሉ። ላይ ያለው ልጅ ሕይወቱ ምድር ላይ ባለው ልጅ ጆሮ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን በጨዋታ ይማራል። ከሁሉም በላይ ያዘኑት እነዚህ ሰዎች ልጆችን ከጠፈር አላራቁም፤ እውነቱንም አልሸፈኑባቸውም። የማኮሊፍ ተጠባባቂ የነበረችው መምህርት ባርባራ ሞርጋንም ከ21 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ራሷ ወደ ጠፈር ወጥታ በሰላም ተመልሳለች። ሕልም በእውነት ምክንያት ይከስማል የሚለውን ክርክር በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት።

ለልጅ የሚነገር እውነት በመጠን መሆን አለበት፤ በዚህ አልከራከርም። ለሕፃን እንጀራ ይፈተፈትለታል፣ በትንሽ በትንሹ ይጎረሳል። የአራት ዓመቱ ልጅ በዚያ ጸጥ ያለ ክፍል አጠገብ ቢያልፍ ምንም አይቀርበትም። የስምንት ዓመቱ ግን ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ከጠየቀ መልስ ይገባዋል። እውነትን ማሳጠር ይቻላል፤ ማጣመም ግን አይቻልም። አጥሮ የተነገረውን ልጁ ሲያድግ ያስረዝመዋል። ጠሞ የተነገረውን ግን አንድ ቀን ሊያፈርሰው ይገደዳል፣ ሲያፈርስም እኛን ጭምር ነው።

አባቴ ባረፉ ጊዜ የእኅቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጎረቤት ቤት ይሂድ ሲባል እምቢ አልኩ። ጠዋት ቀስቅሼ፣ ፊቱን አጥቤ፣ አጠገቤ አስቀምጬ «አባባ ሞቱ» አልኩት። ወዲያው አላለቀሰም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «በምን?» ብሎ ነው። ልባቸው ታሞ እንደነበረ፣ ሐኪም ቤትም ዘግይተን እንደወሰድናቸው ነገርኩት። ጥቂት አሰበና «ለምን ዘገያችሁ?» አለኝ። ያን ጊዜ ልጆችን ከእውነት የምናርቃቸው ለእነሱ ብለን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።