ዘሩን የበላ ገበሬ

 

ዛሬ አንድ ጥያቄ ላንሳላችሁ። ልጆቹ የተራቡበት ገበሬ ለከርሞ ያስቀመጠውን ዘር ቢበላ ጥፋተኛ ነው?

ለመፍረድ ከመቸኮላችን በፊት የዘርን ነገር እንወቅ። ዘር ከምርቱ የተሻለው ነው እንጂ ከመብል የተረፈው አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ባለሥልጣን ጂያ ሲሽዬ ስለ ግብርና በጻፈው መጽሐፍ፣ ገበሬ በየዓመቱ ጥሩ ጥሩውን ዛላ መርጦ እንዲቆርጥ፣ ከፍ አድርጎ እንዲሰቅለውና የመዝሪያው ወቅት ሲደርስ ለብቻው እንዲዘራው መክሯል። የወሎ ገበሬም አጨዳ ሳይጀምር ማሳው ውስጥ እየዞረ ያማረውን የማሽላ ዛላ ይመርጣል፤ ነቀዝ እንዳይገባበትም ከምድጃው በላይ ጭስ የሚያገኘው ቦታ ይሰቅለዋል። ማብቀሉ የአላህ ነው፤ መምረጥና መጠበቅ ግን ለሰው የተሰጠ ሥራ ነው።

ስለዚህ ያ የተሰቀለ ዛላ የአንድ ዓመት እህል ብቻ አይደለም። አያት ቅድመ አያት ለዚያ አፈርና ለዚያ ዝናብ የሚስማማውን እየለዩ ያቆዩት ነው። አንዴ ከተበላ ከገበያ በተገዛ እህል ላይተካ ይችላል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ቤተሰብ ይህ ፈተና ደረሰበት። በሸሪዓችን ነፍስን ማዳን ይቀድማልና ዘሩን የበላው አባት አይወቀስም። ታዲያ የዘሩ አማና ማን ላይ ወደቀ? ያልተራበው ላይ ነው።

ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የሰብል ዘር ማዕከል ሆኖ ተቋቁሞ ነበር። በዶክተር መላኩ ወረደ መሪነት ባለሙያዎቹ ሊጠፉ የተቃረቡ የገበሬ ዘሮችን ሰብስበው አቆዩ፤ በኋላም ከገበሬዎች ጋር ሆነው ወደ ማሳ መለሷቸው። ዶክተር መላኩ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው።

እኛ ቁስቋም ላይ ማሽላ አንዘራም። ዘሩን ሊበላ የተቃረበ ጎረቤት ግን አይጠፋም። ለሕክምና ብሎ የሽመና ዕቃውን ሊሸጥ ያሰበ ሸማኔ ይኖራል። የመነሻ ገንዘቧ ለቤት ኪራይ ያለቀባት የጉልት ነጋዴ ትኖራለች። «ለምን አልቆጠቡም?» ማለት ይቀለናል። ሸማኔው ዕቃውን ሳይሸጥ ከደረስንለት ግን አንድ ጊዜ መርዳት ሊበቃ ይችላል፤ ከሸጠ በኋላ በየሳምንቱ እጁን ለመዘርጋት ይገደዳል።

በዚህ ሳምንት ሶደቃ ለመስጠት ያሰብን ሰዎች፣ በሰፈራችን መሥሪያውን ሊሸጥ የተቃረበው ማን እንደሆነ ክብሩን ጠብቀን በቀስታ እንጠይቅ።

አላህ የሌላውን ነገ ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።