የተናጋሪ ሙያና የቃሉ ዕዳ

በየቁምስናችንም ሆነ በየአደባባዩ ስብሰባ ሲደረግ፣ ተናጋሪው ወደ መድረክ ከመውጣቱ አስቀድሞ የመርሐ ግብሩ መሪ ሙያውን ያስተዋውቃል። ሐኪም ነው፣ የሕግ ባለሙያ ነው፣ መሐንዲስ ነው፣ ነጋዴ ነው ይባላል። ይህ ከተነገረ በኋላ በአዳራሹ ጸጥታ ይሰፍናል፤ ተናጋሪውም ገና አንድ ቃል ሳይናገር ግማሽ እምነታችንን ተቀብሏል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተናጋሪው ሙያ ለቃሉ ምን ይሰጠዋል? ምንስ ሊሰጠው አይችልም? ጥያቄው ለሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚተው አይደለም፤ በሕዝብ ፊት የሚነገር ቃል ሰውን ሊያድን፣ ሰውንም ሊገድል ይችላልና።

ከሁሉ አስቀድሞ ሙያን ማክበር ተገቢ መሆኑን መቀበል ይኖርብናል። ሙያ በረዥም ዘመን ድካም የተገኘ ዐይን ነው። ገበሬ ደመናውን አይቶ ከተማ ያደገው ሰው የማያየውን ያያል፤ ሐኪም የሕመምተኛውን ፊት አይቶ ዘመዶቹ ያላስተዋሉትን ያስተውላል፤ ዳኛም ምስክሩ በየት በኩል እንዳመነታ ይሰማል። ይህ ዐይን የሌለን ሰዎች ያለውን ሰው ብናምን ትሕትና እንጂ ሞኝነት አይባልም። ነቢዩ አሞጽ በቤቴል ካህኑ አሜስያስ በተቃወመው ጊዜ ከብት ጠባቂና የሾላ ዛፍ ተንከባካቢ መሆኑን አልሸሸገም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። የሥራቸው ስም ከቃላቸው ጋር ተጽፎ መቅረቱ ያለ ነገር አይመስለንም፤ የሚሰማ ሕዝብ ተናጋሪው ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይገባዋልና።

ይሁን እንጂ ለሙያ የሚገባው ይህ አክብሮት ወሰን አለው። የሙያ ክብደትም ወሰኑም በአንድ ስፍራ ጎልቶ የታየበትን ጊዜ ለማስታወስ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንመልከት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) በሐምሌ ወር 2000 ዓለም አቀፉ የኤድስ ጉባኤ በደርባን ከተማ ተካሄደ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ከባድ ክርክር ነበር፤ ይኸውም ኤድስን የሚያመጣው ኤች አይ ቪ የተባለው ቫይረስ ነው ወይስ አይደለም የሚል ነው። ቫይረሱ አያመጣውም ከሚሉት መካከል ዋነኛው በካሊፎርኒያ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፒተር ዱስበርግ ነበሩ። እኚህ ሰው ተራ ሰው አልነበሩም፤ በዶሮዎች ላይ ካንሰር በሚያስከትል ቫይረስ ላይ በ1970 ባደረጉት ምርምር ስማቸው በዓለም የታወቀ ሳይንቲስት ነበሩ። ከ1987 ጀምሮ ግን በኤድስ ላይ የያዙት አቋም በሽታውን በቅርብ ያጠኑትንና ሕሙማኑን ያከሙትን ባለሙያዎች ምስክርነት የሚቃወም ነበር። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ በ2000 ባቋቋሙት አማካሪ ጉባኤ ውስጥ እርሳቸውንና መሰሎቻቸውን አስገቡ። ከደርባኑ ጉባኤ በፊት ከ5,000 በላይ ሳይንቲስቶችና ሐኪሞች ኤድስን የሚያመጣው ቫይረሱ መሆኑን በፊርማቸው ቢያረጋግጡም ጥርጣሬው ወዲያው አልተወገደም።

በጉባኤው መክፈቻ ፕሬዚዳንት ምቤኪ ራሳቸው ተናገሩ። የተማሩት ኢኮኖሚክስ ነበርና ንግግራቸው በድህነት ላይ አተኮረ፤ ድህነት በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚገድል መሆኑን አስረዱ። በዚህ ረገድ የተናገሩት ሐሰት አልነበረም፤ ድሃው በሽታ ሲይዘው ቶሎ እንደሚወድቅ ማን ይክዳል? ነገር ግን በሙያቸው የሚያውቁትን እውነት በማያውቁት ጥያቄ ላይ እንደ መልስ አኖሩት፤ ሁሉን ነገር በአንድ ቫይረስ ማሳበብ አይቻልም አሉ። እውነት ከስፍራዋ ተነሥታ በሌላ ስፍራ ስትቀመጥ እንዲህ ሰውን ልታሳስት ትችላለች።

በዚያው መክፈቻ ላይ ሙያም ማዕረግም የሌለው አንድ ተናጋሪ ነበር። ስሙ ንኮሲ ጆንሰን ሲሆን የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ከቫይረሱ ጋር የተወለደ ነበርና ስለ ራሱ ሕይወትና ስለ ሞተችው እናቱ ተናገረ። መንግሥት በእርግዝና ላይ ላሉ እናቶች ቫይረሱ ወደ ልጆቻቸው እንዳይተላለፍ የሚረዳውን መድኃኒት እንዲሰጥ ለመነ፤ ሰዎችም የታመመውን በማቀፍና እጁን በመያዝ በሽታው እንደማይተላለፍ አውቀው እንዲቀበሉት ጠየቀ። ንኮሲ በሰኔ ወር 2001 ዐረፈ። አንድም የምስክር ወረቀት ያልነበረው ይህ ልጅ ከተናገረው ውስጥ ያላየውና ያልኖረው ነገር አልነበረም።

ሌላው ተናጋሪ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ኤድዊን ካሜሮን ነበሩ። ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በ1999 በአደባባይ የገለጡ ሰው ናቸው። በደርባን በተናገሩ ጊዜ ዳኝነታቸውን ክብር አድርገው አላቀረቡትም፤ ይልቁንም በሕይወት ሊገኙ የቻሉት ደመወዛቸው መድኃኒቱን ለመግዛት ስለ በቃ መሆኑን፣ በአፍሪካ ያሉ ሚሊዮኖች ግን ይህ ዕድል እንዳልነበራቸው ተናገሩ። ሙያቸው ምን እንደ ሰጣቸው፣ ለሌላው ምን እንደ ተከለከለ በግልጽ አሳዩ። በመዝጊያውም ጠበቃው ኔልሰን ማንዴላ ተነሥተው ክርክሩ ወደ ጎን እንዲተውና ሰዎች ከሞት እንዲድኑ አሳሰቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የታወቀ ነው። መንግሥት በሕዝብ ሆስፒታሎች የቫይረሱን መድኃኒት ለመስጠት ዕቅድ ያወጣው በ2003 መጨረሻ ነበር። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት በዚህ መዘግየት ምክንያት ከ2000 እስከ 2005 ባለው ጊዜ ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምተዋል።

ውድ አንባብያን፣ ልብ ልንለው የሚገባው ዐቢይ ነገር እዚህ ላይ ይገኛል። ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? ፕሮፌሰሩ ወደ ቤተ ሙከራቸው ተመለሱ፤ ባለ ሥልጣኑም በሥልጣናቸው ቆዩ። ዋጋውን የከፈሉት ከመድረኩ በታች የነበሩት፣ ስማቸውም ያልተጠራው ናቸው። አበው «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ የተነገረ ቃል እንደማይመለስ ሲያስተምሩን ነው፤ እኛም ቃሉ ሲወድቅ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በተናጋሪው ራስ ላይ እንዳልሆነ እንጨምርበታለን። በመሆኑም ሙያ በሕዝብ ፊት ለሚቆም ሰው ከክብር በፊት ዕዳ ነው። ያየውን እንዲመሰክር ያስገድደዋል፤ ያላየው ዘንድ ሲደርስም እንዲቆም ያስገድደዋል።

በወሰኑ ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ያሳየን አንድ ካህን አለ። የቤልጅግ ተወላጅ የነበሩት አባ ጆርጅ ለሜትር የፊዚክስ ሊቅም ነበሩ፤ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ የሚሄድ መሆኑን የሚገልጸውን ጥናታቸውን በ1927 አሳተሙ። ይህንን ግኝት ስለ ፍጥረት የሚያምኑትን ለማረጋገጥ ቢያውሉት የሚያጨበጭብላቸው ብዙ ነበር። እርሳቸው ግን ሳይንሳዊ አሳባቸው ከእምነት ጥያቄ ውጭ መሆኑን ደጋግመው አስረዱ። ክህነታቸውንም ሳይንሳቸውንም ያከበሩት አንዱን የሌላው ምስክር ባለማድረጋቸው ነበር። ለገዛ ወገን በሚጠቅም ጊዜ እንኳ ከሚያውቁት በላይ አለመናገር ታላቅ የሕሊና ጽናት ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ማዕረግ የሌለውን ሰው መስማትም የባለሙያ ግዴታ ነው። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንደሚሞቱ የገለጸው ምርምር የተጀመረው ከዚህ ነው፤ ለዚህም በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። የእንዶድን ኃይል በልብስ አጠባ ሥራቸው ያወቁትን ሴቶች ግን ማን ወደ መድረክ ጠራቸው? በየጉባኤያችን የምንጋብዛቸውን ተናጋሪዎች ስም ብንመለከት ይኸው ጥያቄ ሳይመጣብን አይቀርም። ስለ ወሊድ ሲነገር አዋላጇ፣ ስለ መሬት ሲነገር ገበሬው፣ ስለ ስደት ሲነገር ከዐረብ አገር የተመለሰችው ልጃችን ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ይሰማሉ።

እንግዲህ በየቁምስናው ለምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎችና ጉባኤ ለምታዘጋጁ ሁሉ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ ተናጋሪው የሚናገርበትን ነገር በሥራው ወይም በሕይወቱ አይቶታል ወይስ ከሌላ ሰምቶ ያወራል? ሁለተኛ፣ እውቀቱ የሚያበቃበትን ስፍራ ራሱ ይገልጣል? ሦስተኛ፣ በዚያው ሙያ ያሉ ሌሎች ምን ይላሉ? ብቻውን የቆመ ሁሉ አይሳሳትም፤ ነገር ግን ብቻውን የቆመ ከሌላው የበለጠ ማስረጃ ሊያቀርብ ይገባዋል። አራተኛ፣ ቃሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ማን ነው? የሚጎዳው መድኃኒቱን የሚጥል ሕመምተኛ፣ ጥሪቱን የሚያፈስ ድሃ፣ ልጇን የምትልክ እናት ከሆነች ጥንቃቄያችን እጥፍ ይሁን።

እነዚህ ጥያቄዎች እኛንም ካህናትን አይተዉንም። ምእመናን በቆምንበት ስፍራ ምክንያት ስለ ሁሉ ነገር ይጠይቁናል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ንግድ፣ ስለ ፍርድ ቤት ጉዳይ። በእምነትና በሥነ ምግባር የተቀበልነውን ያለ ፍርሃት እናስተምር፤ ሕመምተኛውን ግን ወደ ሐኪሙ፣ የተበደለውን ወደ ሕግ ዐዋቂው እንላከው። «ይህንን አላውቅም፤ የሚያውቀውን ሰው አብረን እንጠይቅ» የሚል አንደበት በሕዝብ ፊት ያነሰ ቢመስልም የሰሚውን ነፍስ እንደ ራሱ ነፍስ የሚጠብቅ አንደበት ነው።