ከሰው ኑሮ የሚወሰድ ቁራሽ

የጥበብ ሰው ከሌላ የጥበብ ሰው ኑሮ ወስዶ የራሱን ሥራ ቢሠራበት ወራሽ ይባላልን፥ ወይስ ቀማኛ? ይህ ጥያቄ ለጥበብ ሁሉ የሚሆን ነው፤ ይልቁንም ግን ፈረንጆች ኮላዥ የሚሉትን፥ ይኸውም ወረቀትና ጨርቅ፥ ቆዳና እንጨት እየቀደዱና እያጣበቁ የሚሠሩትን ሥዕል ለያዙ ሰዎች ይከብዳል፤ በእጃቸው የሚይዙት ሁሉ አስቀድሞ የሌላ ነበረና። በከተማችን በሐዋሳም ሥዕል የሚማር ወጣት ይህን ሳይጠይቅ ሊያልፍ አይገባውም።

የአገራችን የቅኔ ቤት ለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ መልስ አለው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ በእመቤታችን ስም ይለምናል፤ ከአንዱ ቤት የጤፍ፥ ከሌላው የገብስ፥ ከሦስተኛው የዳጉሳ ቁራሽ ይሰጡታል። ማታ አኩፋዳው ሲራገፍ የብዙ ቤት እንጀራ በአንድነት ይገኛል። ስለዚህ ግን ሌባ ያለው የለም፤ ለምኖ አግኝቶታልና፥ በልቶም ለትምህርቱ ኃይል ያደርገዋልና። ቅኔውም እንዲሁ ነው። ቅኔ ማቅረብን «መዝረፍ» እንላለን፤ ወንበዴውንና ባለቅኔውን በአንድ ቃል መጥራታችን ያለ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ሕጉ ብርቱ ነው። የባልንጀራውን ምስጢር ወስዶ የኔ ነው ያለ ተማሪ በጉባኤ ያፍራል፤ የመምህሩን መንገድ ይዞ በራሱ ሰምና ወርቅ የተቀኘ ግን ይመሰገናል። ከየት ተማርህ ቢሉትም ከዋሸራ፥ ከጎንጅ ወይም ከዋድላ ብሎ ቤቱን ይጠራል እንጂ አይደብቅም። እንግዲህ መንገድን መውሰድ ውርስ ነው፤ ምስጢርን መውሰድ ግን ቅሚያ ነው።

ከሥራ መውሰድ እንዲህ ከሆነ፥ ከሰው ኑሮ መውሰድስ እንዴት ይሆናል? ለዚህ አንድ ምሳሌ ከባሕር ማዶ እናምጣ፤ ዘመኑንም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን። ኤሚሊ ዲክንሰን በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በአምኸርስት ከተማ በ1830 ተወልዳ በ1886 የሞተች ባለቅኔ ናት። አብዛኛውን ዕድሜዋን በአባቷ ቤት ኖረች፤ በኋለኛው ዘመኗም ከሰው ተሰወረች። ከ1,700 የሚበልጥ ግጥም ጽፋ ሳለ በሕይወቷ ዘመን የታተመው እጅግ ጥቂት ነበር። ግጥሞቿን በንጹሕ ወረቀት እየገለበጠች፥ በመርፌና በክር እየሰፋች በ40 ያህል ጥራዝ አኖረቻቸው፤ አንዳንዱንም በተቀደደ የደብዳቤ ፖስታ ላይ ጽፋዋለች። ከሞተች በኋላ እኅቷ አገኘቻቸው።

እርስዋ ከሞተች ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1903፥ ጆሴፍ ኮርኔል ተወለደ። ይህ ሰው የሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም። በኒው ዮርክ ከተማ በኩዊንስ ሰፈር ከእናቱና በደዌ ምክንያት መራመድ ከማይችለው ወንድሙ ጋራ እየኖረ፥ ከየአሮጌ ዕቃና መጽሐፍ መሸጫው የለቀመውን ሥዕልና ወረቀት በምድር ቤቱ ተቀምጦ በትንንሽ ሣጥን ውስጥ ያዋድድ ነበር። የዲክንሰንን የኑሮ ታሪክ አንብቦ ልቡ ተነካ፤ በ1953 ገደማም «ወደ ሰማያዊው ልሳነ ምድር» የሚባለውን ሣጥን ሠራላት፤ ስሙም ከግጥሟ የተገኘ ነው። በሣጥኑ ውስጥ መልኳ አልተሳለም። ነጭ ባዶ ክፍል፥ የወፍ መቆሚያ እንጨት፥ የሽቦ ወንፊት፥ በስተኋላውም ሰማያዊ የሚታይበት ትንሽ መስኮት አለ፤ ወፊቱ ግን የለችም።

እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። የሞተ ሰው ከኑሮዬ ውሰድ ወይም አትውሰድ ብሎ አይመልስም፤ ስለዚህ በሙት ኀዘን ማጌጥ እጅግ ቀላል ነው። የባለቅኔውን ድህነት ወይም ብቸኝነት እንደ ድሪ በአንገቱ አንጠልጥሎ የሚታይ ሰው ብዙ ነው። ደግሞስ ይህች ሴት ራሷን መሰወር የወደደች ሆና ሳለች፥ ሌላ ሰው ክፍሏን በአደባባይ ማቆሙ ድፍረት አይደለምን የሚል ቢነሣ ጥያቄው እውነተኛ ነው። እኛ እንደሚመስለን ግን ሣጥኑ ራሱ ይመልሳል። ክፍሉን አሳየ፥ ወፊቱን ግን አላሳየም፤ ውስጧን ዐውቄያለሁ አላለም። እርሱም በጠበበ ቤት፥ በወንድሙ ደዌ ታስሮ የኖረ ነበርና ከርስዋ የወሰደው ሸክሙን ነው፤ በጠባብ ቤት ተቀምጦ ሰፊ ነገር የመሥራትን ሸክም።

ከአገራችን ሰዎች ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን አለ። በ1937 በአዲስ አበባ ተወልዶ፥ በ1955 ለትምህርት ወደ ለንደን፥ ኋላም ወደ ፓሪስ ሄደ። በ1964 የሠራው «የጁጁ ሠርግ» በተቆረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ የተሳለ ሲሆን በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብቷል። ከአገሩ ጥበብ ልቡን የሳበው አንዱ የክታብ ብራና ነው፤ በብዙ ሥዕሉ ትላልቁ ዐይንና ሐረጉ ይታያል፤ በፍየል ቆዳም ላይ ሥሏል።

ክታብ የጻፈው ደብተራ ስሙ አይታወቅም። ብራናውን በበሽተኛው ቁመት ልክ ቀጣጥሎ ሰፋ፤ የክርስትና ስሙንም ጽፎ ለአንድ ሰው ብቻ ሰጠ። አባቶች ጥልሰምን እንደ ነቀፉ እናውቃለን፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስማትን አጥብቀው ተቃውመዋል። እስክንድር የተከተለው የደብተራውን እጅ ነው፤ ለአንድ ሰው አካል ልክ የሚለካውን፥ ቁራሽ ከቁራሽ የሚሰፋውን እጅ። ነገር ግን ስሙ ያልታወቀን መምህር በምን ያመሰግኑታል? ወደ ኋላ የማይከፈል ዕዳ ወደ ፊት ይከፈላል። እስክንድር ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ከዚያም ለብዙ ዘመን በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሮ በ2003 ዐረፈ። በአዲስ አበባ ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ቅጥቅጥና በቆዳ ላይ እየሣለ በ1992 በዳካር ታላቁን ሽልማት አገኘ። ሁለተኛ እስክንድር አልሆነም፤ ዘሪሁን ሆነ እንጂ።

ኤልሳዕም ከኤልያስ የለመነው መንፈሱን ነበር፤ መጎናጸፊያው በእጁ ከገባ በኋላ እንኳ የዮርዳኖስን ውሃ ራሱ መምታት ነበረበት። እንግዲህ ከሐይቃችን ዳር ተቀምጦ የሌላውን ኑሮ የሚያነብ ወጣት ሠዓሊ ሦስት ነገር ራሱን ይጠይቅ፤ የወሰድሁት ጌጡን ነው ወይስ ሸክሙን? የተሰወረውን ተሰውሮ እንዲኖር ትቼለታለሁን? ከማን እንደ ተማርሁ ቢጠይቁኝ ስሙን እጠራለሁን? ይህን ሳያፍር መመለስ የቻለ እንደ ሆነ፥ አኩፋዳው የብዙ ቤት ቁራሽ ቢይዝም እንጀራው የራሱ ነው።