አዳኙን ወንድማችንን በምን እናስታውሰው?



በባሌ ተራሮች አዳኞችን እየመራ ይኖር የነበረውን ወንድማችንን ከቀበርን ወዲህ፣ ስሙ በተነሣ ቁጥር የሚቆጠረው ግዳዩ ነው። ይህ ነገር አሳስቦናል። ይስሐቅ ኤሳውን የወደደው ካደነው ይበላ ስለ ነበር እንደ ሆነ በዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ተጽፏል። ዓይኑ በፈዘዘ ጊዜ ግን ያዕቆብ የፍየል ጠቦት አቀረበለት፤ ድምፁን እየተጠራጠረ በልቶ መረቀው። ስለ አደኑ የተወደደ ልጅ በጠቦት ተተካ! እኛም ግዳይ ብቻ ከቆጠርን ጠመንጃ የያዘ ሁሉ ወንድማችንን ይመስላል።

አብረውት የሠሩት ባልደረቦቹ የነገሩን ሌላ ነው። የደጋ አጋዘን ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ በፈቃድ የሚታደነውም እርሱው ነው። እንግዳው ተኩሶ ያቆሰለው እንደ ሆነ ወንድማችን የደሙን ዱካ ይዞ በውርጭ ሲከተል ያመሽ ነበር። ሌሎቹ እሳት ሲሞቁ «እርሱ እዚያ እያቃሰተ እኔ እንዴት እራት እበላለሁ?» ይላቸው ነበር አሉ።

አደን ኃጢአት ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ሥራውን አናንሣ ይላሉ። ክርክሩ ይቆየን፤ ሥራውን ከደበቅን ግን ይህ ርኅራኄው የታየበት ቦታ አብሮ ይደበቃል። ስለዚህ በአርባው ዕለት ባልደረቦቹ እንዲናገሩ ጠይቀናቸዋል።