የመጣውን ስለ መጠበቅ

በየዓመቱ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ፣ ካህኑም ምእመኑም ከልማድ የተነሣ ብዙ ጊዜ ባያነሡትም፣ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ አብሮ ይገባል፤ ይኸውም ክርስቶስ አስቀድሞ መጥቶ፣ በቤተ ልሔም ተወልዶ፣ በዮርዳኖስ ተጠምቆ፣ በቀራንዮ ተሰቅሎና በሦስተኛው ቀን ተነሥቶ ሳለ፣ ይህን ሁሉ አምኖ የተጠመቀ ሰው ከኢሳይያስና ከኤርምያስ ጋር ተሰልፎ፣ ከሥጋና ከቅቤ ተከልክሎ፣ ገና እንዳልመጣ አድርጎ መጠበቁ ምን ማለት ነው የሚለው ነው። የሚጠብቀው ያልመጣውን ነው ቢባል እምነቱ ጎደሎ ሊሆን ነው፤ የመጣውን ነው ቢባል ደግሞ መጠበቁ የይምሰል ሊሆን ነው። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትም ከልደት በዓል በፊት ያሉትን አራት እሑዶች «አድቬንት» ብለው ለዚሁ ነገር ለይተዋቸዋልና ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም፤ ነገር ግን በእኛ ዘንድ መጠበቁ ከአንደበት አልፎ እስከ ማዕድ ስለሚደርስ፣ መልሱን ከማንም ይልቅ አጥብቀን ልንፈልገው የሚገባን እኛ ነን።

ሊቃውንት ለዚህ ጾም ብዙ ስም አውጥተውለታል። የድኅነት ተስፋ በመጀመሪያ የተሰጠው ለአዳም ነውና ጾመ አዳም ይባላል፤ ተስፋውን በትንቢት ያቆዩት ነቢያት ናቸውና ጾመ ነቢያት ይባላል፤ የጌታ መምጣት የሚሰበክበት ነውና ጾመ ስብከት ይባላል፤ ጾመ ማርያም የሚሉትም አሉ፤ ወደዚህኛው ስም ኋላ እመለሳለሁ። ከቀኖቹም አርባው ሙሴ ጽላቱን ለመቀበል በደብረ ሲና ከጾመው ጋር ተነጻጽሮ፣ በድንጋይ የተጻፈውን ቃል ለመቀበል አርባ ቀን ከተጾመ ሥጋ የሆነውን ቃል ለመቀበል እንዴት አይጾም የሚል ትምህርት ይሰጥበታል። በአርባው ላይ የተጨመሩት ሦስት ቀኖች በዐሥረኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው አብርሃም ሶርያዊ፣ እምነታችሁ እውነት ከሆነ የሙቀጠምን ተራራ አንሡ ተብሎ በተፈተነ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር የጾማቸው ናቸው ይባላል፤ የመጨረሻዋም ቀን የልደት ዋዜማ የሆነችው ገሃድ ናት። ስለ ስሞቹና ስለ ቀኖቹ ይህ ይበቃል።

የመጠበቅን ነገር ከብዙዎቹ ነቢያት ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየን የትንቢት መጽሐፍ ያልጻፈ አንድ ሽማግሌ ነው። ሉቃስ በወንጌሉ በሁለተኛው ምዕራፍ ስምዖን የሚባል ጻድቅ ሰው በኢየሩሳሌም እንደ ነበረ፣ የእስራኤልንም መጽናናት ይጠባበቅ እንደ ነበረ፣ መሢሑን ሳያይ ሞትን እንደማያይ በመንፈስ ቅዱስ ተረድቶ እንደ ነበረ ይነግረናል፤ ስለ ቀድሞ ኑሮው ግን ምንም አይጨምርም። የአባቶች ትውፊት ታሪኩን ወደ ኋላ ያስረዝመዋል። በዚህ ትውፊት ስምዖን በንጉሥ በጥሊሞስ ዘመን መጻሕፍተ ብሉያትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ ከመለሱት ሊቃውንት አንዱ ነበረ፤ የኢሳይያስም መጽሐፍ ደርሶት፣ ድንግል እንደምትፀንስ ከሚናገረው ስፍራ ሲደርስ፣ ይህን ብጽፍ ንጉሡ ይሣለቅብኛል ብሎ ፈራ፤ በልቡም ተጠራጠረ፤ ስለዚህ የተጠራጠረውን በዐይኑ አይቶ በክንዱ እስኪታቀፈው ድረስ እንደማይሞት ተነገረው፤ ወደ ሦስት መቶ ዓመት ያህልም ኖረ።

ይህን ትውፊት እንደ ታሪክ የሚመረምር ሰው የሚለው ይኖረው ይሆናል፤ እኔ የምመለከተው ግን አባቶች ስለ መጠበቅ የነበራቸውን አሳብ ነው። ረጅሙን ዕድሜ የሰጡት ምንም ላልተጠራጠረው ጽኑ አማኝ ሳይሆን ብዕሩ በእጁ ላይ ለቆመበት ሰው ነው። መጠበቁ ቅጣት ነው እንዳንል የቅጣቱ ፍጻሜ ሕፃኑን መታቀፍ ሆነ፤ ዋጋ ነው እንዳንል ደግሞ መነሻው ጥርጥር ነበረ። ከዚህም ሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው፣ ስምዖን ትንቢቱን ያጣ ሰው አለመሆኑ ነው፤ በገዛ እጁ ጽፎታል፣ ቃሉን ከነፊደሉ ያውቀዋል፤ ሦስት መቶ ዓመት የጠበቀው መጽሐፉ የሚናገርለትን አካል ነው። በዚያው ምዕራፍ የምትገኘው ነቢዪት ሐናም ከመቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ቀንና ሌሊት ታገለግል ነበረ ተብሎ ተጽፎላታል፤ ጾመ ነቢያትን ሳይታወጅ የጾመች እርሷ ናት ብንል ከእውነቱ የራቅን አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያንም የስምዖንን መታሰቢያ የካቲት 8 ቀን ታደርጋለች፤ ይህም ከታኅሣሥ 29 ጀምሮ ሲቈጠር አርባኛው ቀን ነው።

በእኛ ዘንድ መጠበቅ ከስብከት አልፎ እስከ ቍጥር ድረስ ገብቷል። በዘመን መለወጫ ባሕረ ሐሳብ የሚባለውን የዘመን ቍጥር የሚያሰላ ሊቅ ዓመቱ የሚሰየምበትን ወንጌላዊ ለማወቅ ሲፈልግ ዓመተ ምሕረትን ብቻ ይዞ አይነሣም፤ አስቀድሞ ከአዳም እስከ ልደት የተቈጠሩትን 5500 ዓመታት ያኖራል፤ በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረትን ይደምራል፤ ድምሩንም ለአራት ይገድፋል። የ2016 ዓ.ም. ድምር 7516 ነው፤ ለአራት ሲካፈል ምንም ትርፍ ስለማይኖረው ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ 5500 ራሱ ለአራት ያለ ትርፍ የሚካፈል ቍጥር ስለ ሆነ፣ ወንጌላዊውን ለማወቅ ብቻ ከሆነ ቢደመርም ባይደመርም መልሱ ያው ነው። አጽዋማትንና በዓላትን ለማውጣት ለሚያገለግሉት ለመጥቅዕና ለአበቅቴ በእርግጥ ያስፈልጋል፤ ለወንጌላዊው ግን አያስፈልግም፤ ሊቃውንቱ ግን አይተዉትም። ለአዳም ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ እመጣለሁ ተብሎ ተስፋ የተሰጠበት ዘመን፣ አንዱ ቀን አንድ ሺህ ዓመት ሆኖ ተቈጥሮ፣ በእያንዳንዱ አዲስ ዓመት ሒሳብ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ በዚህች አገር ዘመን የሚለወጠው የብሉይ ኪዳን ሰዎች የጠበቁበት ዕድሜ ሁሉ ከተደመረ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሒሳብ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ለእኔ ግን ይበልጥብኛል። ጌታ የተፀነሰው መጋቢት 29፣ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጕሜን አምስት ስትሆን በመካከሉ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ማለት 275 ቀን ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን ስድስት ስትሆን ግን 276 ሊሆን ነው፤ ስለዚህ በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል ወደ ታኅሣሥ 28 ይሳባል፤ በ2016 ዓ.ም. የተከበረውም በዚሁ ቀን ነው። የድንግልን ፅንስ በአንድ ቀን ከማስረዘም ታላቁን በዓል ከቀኑ ማንቀሳቀስ ይሻላል ማለት ነው። አንድ ቀን ምንድር ናት የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ፀንሳ የምትጠብቅ እናት የቀን ነገር ምን እንደ ሆነ ታውቃለች።

መግቢያው ላይ ላነሣሁት ጥያቄ መልሱን የማገኘው ከዚህ ነው። ነቢያት የጠበቁት ገና ያልመጣውን ነው፤ እመቤታችን ግን ከመጋቢት 29 በኋላ የጠበቀችው በማኅፀንዋ ያደረውን ነው። ለነቢያት ሩቅ ነበረ፤ ለእርሷ ከራስዋ ይልቅ ቅርብ ነበረ፤ ሆኖም ፊቱን አላየችም ነበርና መጠበቋ የይምሰል አልነበረም። የክርስቲያን መጠበቅ የዚህ ዓይነት ነው። ሥጋውን በልቶ ደሙን ጠጥቶ ከቅዳሴ የሚወጣ ምእመን የሚጠብቀውን ተቀብሎ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከዚህ ኅብስት በበሉ ከዚህም ጽዋ በጠጡ ቍጥር እስኪመጣ ድረስ ሞቱን እንደሚናገሩ ያስረዳቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጾሙን ጾመ ነቢያት ብለን ብንጠራውም፣ ከነቢያት የምንወርሰው ትዕግሥታቸውን ነው፤ በመጠበቃችን ዓይነት ግን ጾመ ማርያም የሚለው ስም ይበልጥ ይስማማናል።

ፈላስፎች ተስፋን ሁልጊዜ አላመሰገኑትም። ሮማዊው ሴኔካ ለወዳጁ ለሉኪልዮስ በጻፈው መልእክት፣ ከእርሱ በፊት የነበረውን ፈላስፋ ሄካቶንን ምስክር ጠርቶ፣ ተስፋን የተወ ሰው ከፍርሃትም ያርፋል ይላል፤ ሁለቱ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ናቸውና። ሴኔካን ባዶ እጁን ልንሰደው አይገባም። ሹመት የሚጠብቅ ሰው፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው፣ የእህል ዋጋ እስኪወደድ የሚጠብቅ ነጋዴ ተስፋ ባደረጉ መጠን ይፈራሉ፤ ሌሊት የማያስተኛቸውም ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ የሚሆነው የሚጠበቀው ነገር የማንንም ቃል ሳይዝ ሲቀር ነው። ቃል የሰጠውን አካል አውቆ የሚጠብቅ ሰው የሚፈራው ይመጣል ወይስ አይመጣም ብሎ ሳይሆን፣ ሲመጣ ምን ሆኜ ያገኘኝ ይሆን ብሎ ነው፤ ይህም ፍርሃት ሴኔካ ሊያስጥለን ከወደደው ፍርሃት የተለየ ነው።

ለመዘግየቱስ ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም፤ ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ዘባቾች ይመጣሉ፣ አባቶች ካንቀላፉ ጀምሮ ሁሉ እንዳለ አይደለምን፣ የመምጣቱ ተስፋ ወዴት ነው ይላሉ ብሎ አስቀድሞ ያስታውቃል። መልሱም ብዙ ጊዜ ሳናየው የምናልፈው አንድ ታላቅ ነገር አለበት፤ መዘግየት የሚመስለው ነገር የእግዚአብሔር ትዕግሥት ነው፤ ማንም እንዳይጠፋ፣ ሁሉ ወደ ንስሓ እንዲደርስ ይታገሣል። እንግዲህ የሚጠብቀው ሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው። እኛ እርሱን ዘገየ ስንል እርሱ እኛን እየጠበቀ ነው፤ የጠፋው ልጅ አባት ልጁ ገና ሩቅ ሳለ ያየው መንገድ መንገድ ይመለከት ስለ ነበረ እንደ ሆነ፣ ከሁለቱ አስቀድሞ መጠበቅ የጀመረው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ምዕራባውያን የመጀመሪያውን የአድቬንት እሑድ በዳግም ምጽአት ወንጌል ይከፍታሉ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ዳግም ምጽአትን ለዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ለደብረ ዘይት እሑድ ታቆየዋለች። የእነርሱ ሥርዓት ሁለቱን መምጣቶች በአንድ ማያያዙ የሚያስመሰግነው ነው፤ የእኛው ግን የመጀመሪያውን መምጣት ሰው እስኪጠግበው ድረስ ማሰላሰያ ጊዜ ይሰጠዋል።

ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ተብለው ይጠራሉ፤ የየእሑዱም ምስባክ፣ ማለት ከወንጌል በፊት የሚሰማው የመዝሙር ክፍል፣ ልመና ነው። በስብከት ከመዝሙር 143 እጅ ይለመናል፤ በብርሃን ከመዝሙር 42 ብርሃን ይለመናል፤ በኖላዊ ከመዝሙር 79 እረኛው ጆሮውን እንዲሰጥ ይለመናል። ተራው እንዲሁ የተደረገ አይመስለኝም። እጅ የሚለምን በብዙ ውኃ የተከበበ ሰው ነው፤ መንገዱን ሊጠይቅ አይችልም፣ መውጣትን ብቻ ይፈልጋል። ብርሃን የሚለምን ከውኃው ወጥቶ በደረቅ ምድር የቆመ፣ ወደ ተቀደሰው ተራራ የሚያደርሰውን መንገድ ግን ያላገኘ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መዝሙራት የሚናገረው አንድ ብቸኛ ሰው ነው፤ በሦስተኛው ግን ሕዝብ ነው፤ የሚለምነውም መሪውን ራሱን ነው፤ መልሰን፣ ፊትህንም አብራ የሚለውን ልመና በአንዱ መዝሙር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። ለብቻው መለመን የጀመረ ሰው ገና ሳይደርስ ከመንጋው ጋር ተቀላቀለ ማለት ነው።

ጾሙ የሚውልበትም ወራት ሊታሰብበት ይገባል። ኅዳርና ታኅሣሥ በደጋው አገር የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ ነዶው ተከምሮ፣ አውድማው ተለቅልቆ፣ ጎተራው እህል የሚቀበልበት ጊዜ ነው። ገበሬ ከሰኔ ጀምሮ የጠበቀው በእጁ በገባበት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ገና ጠብቅ ትለዋለች፤ እርሱም ከአዲሱ ጤፍ በተጋገረው እንጀራ ላይ ሽሮ አድርጎ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ ይቀምሳል። በረኃብ ወራት መጾም ከችግር ጋር ሊምታታ ይችላል፤ በጥጋብ ወራት የሚጾም ግን የሚጠብቀው እንጀራ እንዳልሆነ በአደባባይ ይመሰክራል። መሥራቱንም አይተውም። በተሰሎንቄ ከነበሩት ምእመናን አንዳንዶቹ ሥራቸውን ትተው ሥርዓት በሌለው አካሄድ ይዞሩ ስለ ነበረ፣ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ ገሠጻቸው፤ በዚሁ መልእክት የጌታ ቀን ደርሷል በሚለው ወሬ እንዳይታወኩ ማስጠንቀቁን ስናይ፣ ስንፍናና የተሳሳተ መጠበቅ ጎረቤቶች እንደ ሆኑ መገመት አያዳግትም።

በከተማ ያለን ሰዎች ይህን ጾም ከዐቢይ ጾም ጋር እያነጻጸርን ቀላል ነው እንላለን፤ ታኅሣሥም ሳይጋመስ የገናው መብራት በየሱቁ ስለሚበራ፣ ሳንጠብቀው ደርሶ ሳናየው ያልፋል። አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው ጾመ ነቢያት ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄድህ በፊት በስብከት እሑድ መዝሙር 143ን፣ በብርሃን 42ን፣ በኖላዊ 79ን በቤትህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብ፤ ዲያቆኑ በምስባክ የሚያሰማህ ከየመዝሙሩ ጥቂት መስመር ብቻ ነውና።